የእግር ልኬት ማባረሪያ አይሁን፦ ለክለባችን ሥራ አመራር ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የክለባችን ሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢና የቦርድ አባላት፣

የክለቡ የመካከለኛና የረጅም ርቀት ሯጮች ተጠሪ ሆኜ እጽፍላችኋለሁ። በጽሕፈት ቤቱ በኩል ሁለት ጊዜ ደብዳቤ አስገብተን መልስ ስላጣን ጉዳዩን በአደባባይ ለማቅረብ ተገደናል።

በሚያዝያ ወር መጨረሻ ከጠዋት ልምምድ ስንመለስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ወረቀቱ የወጌሻችን የሥራ ውል እንደማይታደስ ይገልጻል። በጥር ወር በተደረገው ልኬት «የእግር አለመመጣጠን» የተገኘባቸው አራት አትሌቶች ከውድድር ዘመኑ ማብቂያ ጀምሮ እንደሚሰናበቱ ይዘረዝራል። በጉዳት ምክንያት ከ21 ቀን በላይ ልምምድ ያቋረጠ አትሌት የላብ መተኪያ ክፍያው በግማሽ እንደሚቀነስም ያስታውቃል። ከአራቱ አንዷ ከሰሌዳው ፊት ቆማ ስሟን ደጋግማ ስታነብ አጠገቧ ነበርኩ። ላቧ ገና አልደረቀም። «እግሬ ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አልነበረኝም።

ስለዚህ ልኬት የወሰናችሁት ልኬቱ ሲካሄድ ሳታዩ ይመስለኛል። ስለዚህ አስቀድሜ ምን እንደነበር ልንገራችሁ።

ወጌሻችን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና በጥር፣ በዕቃ ክፍሉ ወለል ላይ ፍራሽ ያነጥፋሉ። መሣሪያቸው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ እርሳስ፣ ባለ ካሬ ደብተርና እያንዳንዳቸው አምስት ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ ጥቂት ስስ ጣውላዎች ናቸው። አትሌቱ በጀርባው ይተኛል። ከዳሌው አጥንት የፊት ጉብታ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውስጠኛ ጉብታ ድረስ ይለካሉ። በአንዱ ልኬት አያምኑም፤ አስነሥተው ጥቂት ያራምዱትና መልሰው አስተኝተው እንደገና ይለካሉ። ቀጥሎ አቁመው አጭር በመሰለው እግር ሥር ጣውላ እያስገቡ ዳሌው ደልደል ሲል ያያሉ። ከዚያ ወደ ደረጃው እንወጣለን። በአንድ እግር ጣቶች ቆመን ባታችን እስኪቃጠል ድረስ ተረከዛችንን ከፍ ዝቅ እናደርጋለን፤ እርሳቸው ይቆጥራሉ። የእኔ በጥር ወር ቀኙ 31፣ ግራው 22 ነበር። በመጨረሻም ሣሩ ላይ ወጥተን በልጅነታችን ሰኞ ማክሰኞ እንደተጫወትነው በአንድ እግር ሦስት ጊዜ እንዘላለን፤ የዘለልነው ርቀት በሜትር ይለካል። ጫማችንን እንኳ ገልብጠው የትኛው ተረከዝ በየት በኩል እንደተበላ ያያሉ።

ይህ ሁሉ የሚደረገው በማግሥቱ ለሚሰጡን ትንሽ ወረቀት ነው። «ግራ እግር ይቅደም፤ ሦስት ዙር፤ ቀኙ ሁለት ዙር ይበቃዋል» ይላል የእኔ። ከስምንት ሳምንት በኋላ ስቆጥር ግራው 29 ደረሰ። ደብተሩ የተያዘው ለዚህ ነበር። ከደብተሩ ውስጥ ስም እየተመረጠ የስንብት ዝርዝር ይወጣበታል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ቢያስብ ኖሮ ማንም ፍራሹ ላይ ባልተኛ።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ስለ ስንብቱ ነው። ሁለት እግሩ ፍጹም እኩል የሆነ ሰው ብቻ መርጣችሁ ክለብ እናቁም ብትሉ ክለቡ ባዶውን ይቀራል። በዘርፉ የተደረጉ ልኬቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጽሑፍ ከመቶ ሰው ዘጠናው የተወሰነ የእግር ርዝመት ልዩነት እንዳለው፣ አማካዩም 5.2 ሚሊ ሜትር እንደሆነ አስፍሯል። ለአብዛኛው ሰው ልዩነቱ ወደ 20 ሚሊ ሜትር እስኪጠጋ ድረስ ይህ ነው የሚባል ችግር እንደማያስከትልም ያመለክታል። እርግጥ ሯጭ በቀን የሚረግጠው እርምጃ ከሌላው ሰው ይበዛልና እኛ ከዚያ ባነሰውም እንጠነቀቃለን። መጠንቀቅና ማሰናበት ግን የተለያዩ ናቸው።

ከተሰናበቱት አንዱ የ1,500 ሜትር ሯጭ ነው። የስንብት ደብዳቤው «የ9 ሚሊ ሜትር የእግር ርዝመት ልዩነት» ይላል። በደብተሩ ላይ ግን ከ9 ቁጥር አጠገብ 4 እና 6 ተጽፈዋል። ሦስቱም የአንድ ጠዋት ልኬቶች ናቸው። ሜትሩ የሚያልፈው በቆዳና በጡንቻ ላይ ስለሆነ፣ አተኛኘት ትንሽ ሲዛነፍና ዳሌ ሲዘም ቁጥሩ ይለዋወጣል፤ ወጌሻችን ደጋግመው የሚለኩትም ይህን ስለሚያውቁ ነው። ከሦስቱ ትልቁ ተመርጦ ደብዳቤ ላይ የሰፈረበትን ምክንያት እንዲነገረን እንጠይቃለን። ልጁ የ22 ዓመት ወጣት ነው፤ በእግሩ ላይ ለውድድር የሚያሰናክል ጉዳት ደርሶበት አያውቅም።

ደግሞም «አለመመጣጠን» የሚለው ቃል በወረቀታችሁ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ጠቅልሎ ይዟል። የአንዱ እግር አጥንት በእውነት ሊያጥር ይችላል። አጥንቱ እኩል ሆኖ ሳለ ዳሌ በመዝመሙ ወይም ጡንቻ በመኮማተሩ አንዱ እግር ያጠረ ሊመስል ይችላል፤ ይህ በእንቅስቃሴ ሥራ ይስተካከላል። ሦስተኛው ርዝመትን አይመለከትም፤ የአንዱ እግር ጡንቻ ከሌላው ይደክማል፤ ይህም በሥራ ይስተካከላል። ከአራቱ ሁለቱ የተሰናበቱት በዚህ በሦስተኛው ነው። በስምንት ሳምንት በሚታረም ነገር የሰውን እንጀራ መንጠቅ ምን ይባላል?

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ግራ እጁን አጠፍ አድርጎ ነው የሮጠው። በአሰላ ልጅነቱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የቀረበት ልማድ እንደሆነ ሁላችንም እየሰማን አደግን። በዚያ እጁ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅ አመጣ። ዩሴን ቦልት የጀርባ አጥንቱ ወደ ጎን የዘመመና ቀኝ እግሩ ከግራው ግማሽ ኢንች ገደማ ያጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሩጫውን ምስል ሲመረምሩ ቀኝ እግሩ መሬት የሚመታበት ኃይል በ13 በመቶ እንደሚበልጥ፣ ግራው ደግሞ መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ በ14 በመቶ እንደሚረዝም አገኙ። 9.58 ሰከንድ የተሮጠው በእነዚያ እግሮች ነው። በዛሬው መመዘኛችሁ ክለባችን ቦልትን ያሰናብት ነበር።

ይህን ስል የሁለቱ እግሮች ልዩነት ከጉዳት ጋር አይገናኝም ማለቴ አይደለም። ይገናኛል፤ የምንከራከረውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት 462 ፕሮፌሽናል የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ከውድድር ዘመን በፊት ለክቶ ተከታትሏል። የጭን ጡንቻቸው ጥንካሬ ሚዛኑን የጠበቀው ተጫዋቾች 4.1 በመቶዎቹ በዓመቱ ውስጥ የጭን የኋላ ጡንቻ ጉዳት ደረሰባቸው። ሚዛኑ ተዛብቶ ምንም ሳይደረግላቸው ከቀሩት 16.5 በመቶዎቹ ተጎዱ። ተሠርቶላቸው ሚዛኑ የተስተካከለላቸው ግን ወደ 5.7 በመቶ ወረዱ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግንኙነቱን ይህን ያህል ጠንካራ ሆኖ አላገኙትም፤ ይህንንም አልደብቅም። እስቲ ቁጥሮቹን እንደገና ተመልከቷቸው። ምንም ካልተደረገላቸው መካከል እንኳ ከመቶው ሰማንያ ሦስቱ ያህል አልተጎዱም፤ የተሠራላቸው ደግሞ ከጤነኞቹ ብዙ አልራቁም። ልኬት ማን ሥራ እንደሚያስፈልገው ይጠቁማል። ማን እንደሚሰበር አይተነብይም፤ ማንን እናሰናብት ለሚለው ጥያቄማ ጭራሽ መልስ የለውም።

ሁለተኛው ቅሬታችን የወጌሻችን መሰናበት ነው። በመጋቢት ወር የ3,000 ሜትር መሰናክል ሯጫችን ግራ ቁርጭምጭሚቷ ዞረባት። የዚህ ውድድር ሯጭ 28 ደረቅ መሰናክልና 7 የውኃ መሰናክል ትዘላለች፤ ውኃው ላይ የምታርፈው ሁልጊዜ በአንዱ እግር ነው፤ የእሷ ግራው ነው። ወጌሻችን ለአምስት ሳምንት ያህል ከዕብጠቱ ጀምረው በአንድ እግር ከመቆም ቀስ በቀስ ወደ ዝላይ እያሻገሯት ሳለ ውላቸው ተቋረጠ። ግንቦት ላይ ስሟ በውድድር ዝርዝር ገባ። ከውድድሩ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ሜትር ይዤ ሣር ላይ አዘለልኳት፤ ቀኙ 5 ሜትር ከ35፣ ግራው 4 ሜትር ከ45። ግራው የቀኙን 83 በመቶ ብቻ ነበር፤ የወጌሻችን መለኪያ ግን የተጎዳው እግር የጤነኛውን 90 በመቶ ሳይደርስ ወደ ውድድር አይመለስም የሚል ነበር። ጽሕፈት ቤቱን ስናሳውቅ «የሐኪም ወረቀት አምጡ» ተባልን፤ ወረቀቱን ሊጽፍልን የሚችለውን ሰው ያሰናበተው ያው ጽሕፈት ቤት ነው።

በአምስተኛው ዙር የውኃ መሰናክል ላይ ግራ እግሯ ውኃው ውስጥ ሲታጠፍ ከዳር ሆኜ አየሁ። ውኃው ውስጥ ተቀምጣ እጇን አነሣች። እስከ ዛሬ በክራንች ትሄዳለች።

ይህ የ90 በመቶ መለኪያ ከወጌሻችን ራስ የፈለቀ አይደለም። የጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ስፖርተኞች ላይ በኖርዌይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ የተጎዳው እግር በጥንካሬና በዝላይ ፈተናዎች የጤነኛውን ቢያንስ 90 በመቶ ሳይደርስ ወደ ስፖርት ከተመለሱት 38.2 በመቶዎቹ ጉልበታቸው ዳግም ተጎዳ። ፈተናውን አልፈው ከተመለሱት ዳግም የተጎዱት 5.6 በመቶ ናቸው። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት አንድ አይደሉም፤ ነገር ግን ያልጠና እግር ይዞ የሚመለስ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያሳያል። ለእኛ ይህን ፈተና የሚያደርግልን ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው የ21 ቀን ደንብ ነው፤ ከሁሉ የከፋውም ይኸው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እንሰማለን፤ ይህ ደንብ ግን በሽታችንን እንድንደብቅ ያስገድደናል። የማራቶን ሯጫችን በሚያዝያ ወር የቀኝ እግሩ አገዳ ላይ፣ ሳንቲም በምታህል ቦታ፣ በጣት ሲነካ የሚወጋ ሕመም ጀመረው። ኤክስሬይ ተነሣ፤ ምንም አልታየም። ጽሕፈት ቤቱ «ንጹሕ ነው፤ ሰበብ ነው» አለው። እንዲህ ዓይነቱ የድካም ስንጥቅ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኤክስሬይ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ለዚህም ነው ሐኪም የሕመሙን ቦታ በጣቱ የሚፈልገው። ልጁ በ19ኛው ቀን ልምምድ ጀመረ። ከላብ መተኪያው ላይ ለእናቱ ይልካል፤ ግማሹን ማጣት አይችልም።

አንድ ሯጭ በደቂቃ 180 ያህል ጊዜ መሬት ይረግጣል። በአንድ ሰዓት ሩጫ እያንዳንዱ እግር 5,400 ጊዜ ያርፋል፤ በእያንዳንዱ ርግጫ ከሰውነቱ ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሸከማል። 55 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ ከአንድ ኩንታል በላይ ነው። የሚያመውን እግር ሳያውቀው ይሸሸዋል፤ የሸሸውን ሌላው ይሸከማል። ሁላችንም ሩጫው እንደተዛባ እናይ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በሰንዳፋ መንገድ ላይ ቆመ፤ አገዳውን በሁለት እጁ ይዞ አስፋልቱ ዳር ተቀመጠ። ሁለተኛው ኤክስሬይ ስንጥቁን አሳየ። በሚያዝያ ጥቂት ሳምንታት ቢያርፍ ሊድን ይችል የነበረው ልጅ አሁን የመስከረምን ውድድሮች በሙሉ አጥቷል፤ ላብ መተኪያውም በግማሽ ተቀንሷል። አጥንቱን የሰነጠቀው የእግሮቹ ልዩነት ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ድካምም፣ አመጋገብም፣ የልምምድ ብዛትም ድርሻ አላቸው። ሕመሙን እንዲደብቅ ያደረገው ግን ደንቡ መሆኑን ራሱ ነግሮኛል። ሌሎች ሦስት አትሌቶችም ዛሬ ሕመም ይዘው እየሮጡ ነው። ስማቸውን አልሰጣችሁም።

ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. ከ2009 የበርሊን ድርብ ድሉ በኋላ በባት ጉዳት ምክንያት ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከውድድር ርቋል። ያ አትሌት በ2019 በዚያው በርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ01 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። በ21 ቀን ሕግ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ባላየን ነበር።

አራተኛውን በአጭሩ ልጥቀስ። እንጦጦና ሱሉልታ ጫካ የሚያደርሰን ሰርቪስ በሳምንት ከሦስት ቀን ወደ አንድ ቀን ከተቀነሰ ወዲህ ኪሎ ሜትራችን በአብዛኛው አስፋልት ላይ ሆኗል። አስፋልት የዝናብ ውኃ እንዲወርድ ወደ ዳሩ ዘቅዘቅ ተደርጎ ይሠራል። መኪናውን ፊት ለፊት እያየን ለመሮጥ ስንሄድም ስንመለስም ግራ ዳሩን ይዘን ነው፤ ግራ እግራችን ሁልጊዜ ዝቅ ባለው በኩል ያርፋል። እኩል የነበረ እግር እንኳ እዚያ ላይ እኩል አይደለም። በመም ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ግራ እንዞራለን፤ 10,000 ሜትር 25 ዙር ነው፣ 50 ኩርባ። በጫካ ግን መሬቱ እግርን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ያደርገዋል፤ ለአንዱ ወገን አያደላም። በደብተሩ ላይ ያያችሁት ልዩነት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ክለቡ ራሱ ባመቻቸው ልምምድ የመጣን ልዩነት የአትሌቱ ጉድለት ማድረግ አግባብ አይደለም።

የበጀት ነገር እንደምታነሡ እናውቃለን። በግንቦትና በሰኔ ለሁለቱ ተጎጂዎች ለኤክስሬይ፣ ለኤምአርአይ፣ ለክራንችና ለመጓጓዣ ከኪሳችን ያዋጣነው ገንዘብ የወጌሻችንን የሁለት ወር ደመወዝ አልፏል። ደረሰኞቹ በእጄ ይገኛሉ፤ በማንኛውም ቀን ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የአራቱ አትሌቶች ስንብት ይሰረዝ። የልኬት ደብተሩ ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቶ ለሕክምና ባለሙያ ይመለስ፤ ያለ አትሌቱ ፈቃድ ለምርጫም ሆነ ለስንብት እንዳይውል በክለቡ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ይጻፍ።

የወጌሻችን ውል ይታደስ። እርሳቸው የማይመለሱ ከሆነ ደግሞ በፊዚዮቴራፒ የሠለጠነ ባለሙያ ይቀጠርልን። ውድ መሣሪያ አንጠይቅም፤ ሜትሩም፣ ጣውላዎቹም፣ ደረጃውም አሉ።

ከጉዳት የሚመለስ አትሌት የተጎዳው እግሩ የጤነኛውን 90 በመቶ መድረሱ በባለሙያ ሳይረጋገጥ ስሙ በውድድር ዝርዝር አይግባ።

የ21 ቀን ደንብ ይነሣ፤ ከሁለቱ አትሌቶች ላይ የተቀነሰው የላብ መተኪያም ከተቀነሰበት ወር ጀምሮ ይከፈላቸው።

የጫካ ሰርቪስ በሳምንት ወደ ሦስት ቀን ይመለስ፤ በመም ላይ የማሟሟቂያና የማቀዝቀዣ ሩጫዎችን በተቃራኒው አቅጣጫ እንድናደርግም አሰልጣኞቻችን ይፈቀድላቸው።

የመሰናክል ሯጫችንና የማራቶን ሯጫችን የሕክምና ወጪ በክለቡ ይሸፈን።

በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ቦርዱ ከአትሌቶች ተወካዮች ጋር እስከ ሐምሌ 15 ድረስ ፊት ለፊት እንዲነጋገር እንጠይቃለን። ከልምምድ በኋላ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ በየትኛውም ቀን መገኘት እንችላለን። ከተሰናበቱት አራቱም አብረውን ይመጣሉ፤ ደብተራቸውንም ከእናንተ ጋር ገጽ በገጽ ለማየት ይፈልጋሉ።

ከአክብሮት ጋር፣

የክለቡ የመካከለኛና የረጅም ርቀት ሯጮች ተጠሪ

ግልባጭ፦
ለክለቡ ዋና አሰልጣኝና ምክትል አሰልጣኞች
ለክለቡ ጽሕፈት ቤት
ለክለቡ አትሌቶች በሙሉ